ስደተኛው ደጋፊ የማን ነው?

የራግቢ ብሔራዊ ቡድኖች ታሪክ የሚጀምረው ከአገራቸው በወጡ ሰዎች ምክንያት በተነሣ ክርክር ነው። በ1870 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን በሚገኘው ኦቫል ሜዳ «እንግሊዝ ከስኮትላንድ» የተባለ የእግር ኳስ ግጥሚያ ተካሄደ። የስኮትላንድ ተብሎ የተሰለፈው ቡድን በአብዛኛው ለንደንና አካባቢዋ ከሚኖሩ ሰዎች የተውጣጣ ነበር። ከተሰላፊዎቹ አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የግላድስተን ልጅና ራሱም የፓርላማ አባል የነበረው ዊሊያም ሄንሪ ግላድስተን ነው። እዚያው ስኮትላንድ ያሉት ተጫዋቾች ይህ አልተዋጠላቸውም። ለንደን ውስጥ በተሰበሰበ ቡድን የስኮትላንድ አቅም ሊለካ አይችልም፣ የእኛ ጨዋታ ደግሞ ኳስ በእጅ የሚያዝበት ራግቢ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአምስት ክለቦች አምበሎች የፈረሙበት የግጥሚያ ጥሪ በጋዜጣ ወጣ። እንግሊዞችም ጥሪውን ተቀብለው ማርች 27 ቀን 1871 ኤድንብራ ውስጥ ሬይበርን ፕሌስ በተባለ ሜዳ 20 ለ20 ሆነው ተጋጠሙ፤ ስኮትላንድም አሸነፈች። የዓለም የመጀመሪያው የአገሮች የራግቢ ግጥሚያ ይኸው ነው። ከአገሩ የወጣ ሰው በአገሩ ስም መሰለፍ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በስፖርቱ ላይ ኋላ የመጣ ሳይሆን አብሮት የተወለደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት 150 ዓመታት ስለ ስደተኛ ደጋፊ ሁለት አስተያየቶች ሲደጋገሙ ኖረዋል። አንደኛው፣ ሰው ቢሰደድም ደሙ አይሰደድም፤ ስለዚህ የትም ይኑር የት የትውልድ አገሩን ይደግፋል ይላል። ሁለተኛው፣ የአገር ቤት ፍቅር በናፍቆት የሚቆይ ነገር ስለሆነ ልጅ ሲወለድና ዘመን ሲያልፍ እየደበዘዘ ይጠፋል ይላል። ሁለቱም ታማኝነትን ስደተኛው ከአገር ቤት ይዞት የሚወጣው ስንቅ ያደርጉታል፤ የሚለያዩት ስንቁ ያልቃል ወይስ አያልቅም በሚለው ብቻ ነው። የራግቢ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የስደተኛ ደጋፊ ታማኝነት በአብዛኛው የሚሠራው በደረሰበት አገር ነው፤ መልኩን የሚወስነውም ያ አገር እንዴት እንደተቀበለው ነው። በመሆኑም ተቀባዩ አገር ሊያዝበት፣ የትውልድ አገሩም እንደ ዕዳ ሊጠይቀው አይችልም።

ለዚህ የመጀመሪያውን ማስረጃ የምናገኘው ለንደን ውስጥ ነው። በ1878 የተመሠረተው ለንደን ስኮቲሽ፣ በ1885 የተመሠረተው ለንደን ዌልሽና በ1898 የተመሠረተው ለንደን አይሪሽ ለሥራና ለትምህርት ወደ ዋና ከተማዋ የመጡ ሰዎች ያቋቋሟቸው ክለቦች ናቸው። አንድ ወጣት ሐኪም ወይም መምህር ከዌልስ መጥቶ ለንደን ሲገባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአገሩን ሰው የሚያገኝበት፣ ቋንቋውን የሚሰማበት፣ ሥራና ማደሪያ የሚጠያየቅበት ቦታ ክለቡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዌልስን የደገፉት ለንደን ውስጥ ዌልሳዊነትን የሚያኖር ድርጅት ስለሠሩ ነው፤ ያ ድርጅት ባይኖር የሚቀረው የግል ትዝታ ብቻ በሆነ ነበር። ድርጅቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር በ1971 ታየ። የብሪታንያና የአየርላንድ ጥምር ቡድን ላየንስ ወደ ኒው ዚላንድ ተጉዞ ሁለቱን አሸንፎ፣ አንዱን ተሸንፎ፣ አንዱን አቻ ወጥቶ ሲመለስ (ላየንስ በዚያ ምድር እስካሁን ያሸነፈው ብቸኛ ተከታታይ ግጥሚያ ነው) አምበሉን ጆን ዶስን ጨምሮ ሰባት ተጫዋቾች የለንደን ዌልሽ ነበሩ። ስደተኞች ያቋቋሙት ክለብ ለአገር ቤት ተጫዋች ማፍሪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ታማኝነት ከአገር ቤት የሚመጣ ስንቅ ከሆነ አንድ ዓይነት ጉዞ ያደረጉ ሰዎች አንድ ዓይነት ታማኝነት ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ኒው ዚላንድ ይህን ለመመርመር ከማንም አገር የተሻለ ትመቻለች፤ ሁለት ታላላቅ የስደት ማዕበሎችን በተለያየ መንገድ አስተናግዳለችና። የመጀመሪያው ከ1840ው የዋይታንጊ ስምምነት በኋላ ከብሪታንያና ከአየርላንድ የጎረፈው ነው። ሰፋሪዎቹ ራግቢን ይዘው መጡ፤ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን መደገፍን ግን ለልጆቻቸው አላወረሱም። በ1905 የኒው ዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ኦል ብላክስ ወደ ብሪታንያ ተጉዞ እንግሊዝን 15 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ከዚያም ካርዲፍ ላይ በዌልስ 3 ለ 0 ሲሸነፍ፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ የተደሰተውም ያዘነውም በአብዛኛው የእነዚሁ ሰፋሪዎች ወገን ነው። አምበሉ ዴቭ ጋላኸር ራሱ አየርላንድ ውስጥ ዶኔጋል ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ ስደተኛ ነበር። በ65 ዓመት ውስጥ ከመጡበት አገር ተቃራኒ ሆኖ መሰለፍ ተራ ነገር ሆኗል። ምክንያቱ የደም መቅጠን አይደለም፤ መሬቱም፣ ፓርላማውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማሊያውም የእነሱ ሆኖ ስለነበር ነው። በደረሱበት አገር ባለቤት ሆነው ስለነበር የቀድሞው ቡድን የሚሞላላቸው ጉድለት አልነበረም።

ሁለተኛው ማዕበል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሳሞዋ፣ ከቶንጋና ከሌሎች የፓስፊክ ደሴቶች የመጣው ነው። ኒው ዚላንድ ምዕራብ ሳሞዋን (የዛሬዋን ሳሞዋ) ከ1914 እስከ 1962 አስተዳድራለች፤ ፋብሪካዎቿ የሰው ጉልበት ባስፈለጋቸው ጊዜም ደሴቶቹ ቅርብ ነበሩ። ኦክላንድ ውስጥ ፖንሰንቢ፣ በኋላም ማንጌሬና ኦታራ የደሴቶቹ ሰዎች መኖሪያ ሆኑ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን ሥራ ሲጠፋ እነዚያው ጉልበታቸው የተፈለገ ሰዎች የችግሩ መንስኤ ተብለው ተቆጠሩ። ከ1974 እስከ 1976 ፖሊሶች ጎህ ሳይቀድ ቤት እያንኳኩ፣ የተኙትን እየቀሰቀሱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ፈቃዳቸው አልፎ ከቆዩት ውስጥ ብዙዎቹ ከብሪታንያና ከአሜሪካ የመጡ ሆነው ሳለ ዘመቻው ያነጣጠረው በደሴቶቹ ሰዎች ላይ ነበር። ዘመቻው ካበቃ ከዓመታት በኋላም እንኳ፣ በ1985 እና 1986፣ የፓስፊክ ሰዎች ፈቃዳቸው አልፎ ከቆዩት አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲሆኑ ከተከሰሱት ግን 86 በመቶ ነበሩ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በኦክላንድ የከተማ አዳራሽ፣ በሳሞዋውያን የእርቅ ሥርዓት፣ በትልቅ ነጭ ምንጣፍ ተሸፍነው ተቀመጡ፤ የማኅበረሰቡ ሰዎች ምንጣፉን ሲያነሡላቸው ይቅርታው ተቀባይነት አገኘ።

በሩ በሌሊት የተንኳኳበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የትኛውን ቡድን ይደግፋል? መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ሳሞዋ በ1987ቱ የመጀመሪያው የራግቢ የዓለም ዋንጫ አልተጋበዘችም ነበር። በ1991 ግን ኦክቶበር 6 ቀን ካርዲፍ ላይ ዌልስን በገዛ ሜዳዋ 16 ለ 13 አሸንፋ ዓለምን አስደነገጠች። በዚያ ቡድን ውስጥ ኒው ዚላንድ ውስጥ የተወለዱና ያደጉ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ፤ ድሉም ለሳሞዋ ዋና ከተማ ለአፒያ ብቻ ሳይሆን ለኦክላንድም ነበር። ቶንጋዎች ደግሞ በ2011 ኒው ዚላንድ ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ቡድናቸው ሲገባ የኦክላንድን አውሮፕላን ማረፊያ በቀይ ባንዲራ አጥለቀለቁት። በ2018ቱ የኒው ዚላንድ ቆጠራ ራሳቸውን ሳሞዋዊ ያሉት ከ182 ሺህ በላይ፣ ቶንጋዊ ያሉት ከ82 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከሁለቱም ወገን አብዛኞቹ እዚያው ኒው ዚላንድ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ያን ባንዲራ ያነሡት በናፍቆት የሚብሰለሰሉ ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም። ብዙዎቹ ደሴቶቹን ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተው የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ።

የዚህ ታሪክ ጫፍ የታየው በወንድም ስፖርቱ፣ በ13 ተጫዋቾች በሚካሄደው ራግቢ ሊግ ነው። በ2017ቱ የዓለም ዋንጫ ዋዜማ፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው፣ ኦክላንድ የተወለደው ጄሰን ታማሎሎ ኒው ዚላንድን ትቶ ለቶንጋ እንደሚጫወት አስታወቀ። አንድሩ ፊፊታም አውስትራሊያን ትቶ ተከተለው። ኖቬምበር 11 ሐሚልተን ላይ ቶንጋ ኒው ዚላንድን ገጠመች። በእረፍት 16 ለ 2 ስትመራ የነበረችው ኒው ዚላንድ በመጨረሻ 28 ለ 22 ተረታች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በግማሽ ፍጻሜው የኦክላንዱ ማውንት ስማርት ስታዲየም ከዳር እስከ ዳር ቀይ ለብሶ ዋለ። እንግሊዝ 20 ለ 0 እየመራች ጨዋታው ሊያበቃ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ቶንጋ ሦስት ጊዜ ተከታትላ አስቆጥራ 20 ለ 18 አደረሰችው። በመጨረሻዋ ሽርፍራፊ ሰከንድ ፊፊታ ወደ መስመሩ ሲንደረደር ኳሷ ከእጁ አመለጠች፤ ዳኛውም ጨዋታውን ጨረሰ። ያ ሁሉ ሕዝብ እዚያው ኦክላንድ ይሠራል፣ ይማራል፣ ግብር ይከፍላል። የቀድሞዎቹ ሰፋሪዎች በ65 ዓመት ውስጥ ወደ አዲሱ አገር ቡድን ጠቅልለው ሲገቡ፣ የደሴቶቹ ሰዎች ልጆች በተቀራራቢ ጊዜ ውስጥ ወደ አያቶቻቸው ቡድን ዞሩ። የዓመቱ ብዛት ተመሳሳይ ነው፤ የተለያየው አቀባበሉ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፦ ይህ ሁሉ የሚያረጋግጠው የአጥንት ፍላጭ የሥጋ ቁራጭ መሆን ምን ያህል እንደሚያይል ነው፤ አያት ቶንጋዊ ከሆነ የልጅ ልጅም ቶንጋዊ ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጡት ከአገራቸው ሳይወጡ የባዕድ ቡድን የደገፉ ሰዎች ናቸው። በአፓርታይድ ዘመን የኬፕታውን ክልሶች፣ እዚያ በሚጠሩበት ስም «ከለርዶች»፣ ራግቢን ከማንም ባላነሰ ይወዱ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ስፕሪንግቦክስ ግን የነጮች ብቻ ስለነበር ቡድናቸው ሊሆን አልቻለም። በዘር ተከፋፍለው በታጠሩት መቀመጫዎች ሆነው የሚጮኹት ለኦል ብላክስ ነበር። በ1970 የ19 ዓመቱ ብራያን ዊሊያምስ፣ የሳሞዋ ዝርያ ያለው የኦክላንድ ልጅ፣ ከማኦሪ ጓደኞቹ ጋር «የክብር ነጭ» ተብሎ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ፣ እነሱን የሚመስል ሰው በጥቁር ማሊያ ነጮቹን ሲያልፍ አዩ። ከአፓርታይድ በኋላም በኬፕታውን ኒውላንድስ ስታዲየም የኒው ዚላንዱ የክራይስትቸርች ክለብ ክሩሴደርስ ሲመጣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የአገሩ ሰው የእንግዳውን ቡድን ይደግፍ ነበር። ሁኔታው ትንሽ በትንሽ መለወጥ የጀመረው የስፕሪንግቦክስ ደጅ በእውነት ሲከፈት ነው። በ2019ኙ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያ ኮሊሲ አምበል ሆኖ፣ የኬፕታውኑ ቼስሊን ኮልቤ አስቆጥሮ እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲረቱ የኬፕ ሰፈሮች ደስታ ለብዙዎች አዲስ ነበር። ደም ብቻ ቢወስን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከጅምሩ ለተወለዱበት አገር በጮኹ ነበር።

ሌላው ደግሞ ነገሩን ወደ ውጤት ይመልሰዋል፦ ሰው የሚደግፈው የሚያሸንፈውን ነው፣ ኦል ብላክስን የማይወድ ማን አለ? ይህም አያስኬድም። የኬፕታውን ሰዎች ዊሊያምስን ባዩበት በ1970 ተከታታይ ግጥሚያውን 3 ለ 1 ያሸነፈው ስፕሪንግቦክስ ነበር። ቶንጋ ደግሞ በዋናው ስፖርት በራግቢ ዩኒየን ከኒው ዚላንድ ጋር በገጠመች ቁጥር የሚደርስባት ይታወቃል፤ በ2000 102 ለ 0፣ በ2019 92 ለ 7 ተሸንፋለች። ቀዩ ባንዲራ ግን ከነዚህ ሽንፈቶች በፊትም በኋላም አልወረደም። ውጤት የደጋፊን ቁጥር ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ማንን እንደሚደግፍ ግን አይመርጥለትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። በ1990 የብሪታንያው ፖለቲከኛ ኖርማን ቴቢት፣ ከእስያ የመጡ ስደተኞች በክሪኬት የሚደግፉት የትኛውን ቡድን እንደሆነ መጠየቅ መዋሃዳቸውን ለመለካት እንደሚረዳ ተናገረ። ሐሳቡ ከነጭራሹ ቂላቂል አይደለም። ዜግነት የሚሰጥ፣ የሚያስተምር፣ የሚያሳክም አገር በምላሹ የሆነ ወገንተኝነት መጠበቁ ያለ ነው። ችግሩ ፈተናው የሚቀርበው ለሁሉም አለመሆኑ ነው። በ1885 ለንደን ውስጥ ተሰብስበው እንግሊዝን ለመርታት የሚመኙ ዌልሳውያን ከሃዲ ተብለው አያውቁም። አውስትራሊያ ወይም ኒው ዚላንድ የሚኖር እንግሊዛዊ የእንግሊዝን ማሊያ ቢለብስ ይቀለድበታል እንጂ ታማኝነቱ አይመረመርም። የሚመረመረው አስቀድሞ የተጠረጠረው ነው። ከዚህም በላይ ፈተናው ታማኝነት አንድ ብቻ ነው ብሎ ይነሣል። ማይክል ጆንስ ኦክላንድ የተወለደ፣ በእናቱ ሳሞዋዊ የሆነ ተጫዋች ነው። በ1986 ለምዕራብ ሳሞዋ ከዌልስ ጋር ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኦል ብላክስ ማሊያ የዓለም ዋንጫ አነሣ፤ በኋላ ተመልሶ የሳሞዋ አሠልጣኝ ሆነ። ብዙ የኦክላንድ ቤቶችም ሳሞዋ ስትጫወት ለሳሞዋ፣ ሳሞዋ ስትወድቅ ለኦል ብላክስ ይጮኻሉ። ይህ ክህደት ሳይሆን ሁለት ቤት ያለው ሰው ተራ ኑሮ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ራግቢ የምናውቀው ስፖርት ባይሆንም፣ በ2013 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ የሆነው ከዚሁ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ኔልስፕሩት በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የለበሰው ሕዝብ አብዛኛው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ ዕቃ አዙሮ የሚኖር ስደተኛ ነበር። ይህ ማኅበረሰብ በ2008 ከ60 በላይ ሰዎች የተገደሉበትን በመጤዎች ላይ የተነሣ ጥቃት ያየ ነው። አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ሲሆን የተሰማው ጩኸት የአገር ፍቅር መሆኑ አያጠያይቅም፤ በዚያ አገር ቀና ብሎ፣ በብዛት፣ ሳይፈራ ለመታየት የተገኘ ዕድልም ነበር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥም በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን የለንደን ዌልሽን ሥራ ሠርቷል፦ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የየከተማውን ቡድኖች እያገናኘ፣ ከኳሱ ይልቅ ከሜዳው ዙሪያ ያለውን የአገር ሰው ገበያ፣ እንጀራና ሙዚቃ ዋና ጉዳይ አድርጎታል። በዚያ ሜዳ ዳር የሚቆመው ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን የሚማረው አሜሪካ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ተጫዋቾቹን ይመለከታል። ደጋፊውስ ይሁን፣ ባንዲራ የሚቀያይር ተጫዋች ግን ጥቅሙን የሚያሳድድ አይደለም ወይ? እውነት ነው፣ የራግቢ ዩኒየን ሕግ ከ2000 ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ለኃያላኑ ያደላ ነበር። አንድ ተጫዋች ለኒው ዚላንድ ወይም ለአውስትራሊያ አንድ ጊዜ እንኳ ከተሰለፈ በኋላ ዳግም ባይጠራም ለአያቱ አገር መጫወት አይችልም ነበር። ደሴቶቹ ልጆቻቸውን ከሰጡ በኋላ ትርፍራፊውን እንኳ አያገኙም። ዓለም አቀፉ የራግቢ ፌዴሬሽን በ2021 መጨረሻ ሕጉን አሻሽሎ፣ ሦስት ዓመት ከብሔራዊ ቡድን የራቀ ተጫዋች እሱ ራሱ፣ ወላጁ ወይም አያቱ ለተወለዱበት አገር እንዲሰለፍ ፈቀደ። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ የቀድሞዎቹ የኦል ብላክስ ተጫዋቾች ቻርልስ ፒዩታውና ማላካይ ፌኪቶአ በቶንጋ፣ ሊማ ሶፖአጋ በሳሞዋ ማሊያ ታዩ። ከመካከላቸው የተጫዋችነት ዕድሜውን ለማራዘም የፈለገ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ከሀብታሙ ቡድን ወደ ድኻው የተሻገረን ሰው በገንዘብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ታማሎሎና ፊፊታም የበለጠ የሚከፍለውን ትተው ነው የሄዱት።

ይህን ሁሉ ማስረጃ የሚያጠናቅቀው በ2019 የሆነው ነው። የቶንጋ ራግቢ ሊግ ተጫዋቾች ከአገር ቤቱ የፌዴሬሽን አመራር ጋር ተጋጩ፤ በእሱ ሥር አንጫወትም አሉ። ፌዴሬሽኑ ከዓለም አቀፉ አካል ሲታገድ ቡድኑ «የቶንጋ ተጋባዥ ቡድን» በሚል ስም ሜዳ ገብቶ ታላቋን ብሪታንያን 14 ለ 6፣ በሳምንቱ አውስትራሊያን ኦክላንድ ላይ 16 ለ 12 አሸነፈ። ሕዝቡም ማኅተሙን ሳይሆን ቡድኑን ተከትሎ መጣ። ታማኝነቱ ከአገር ቤት ቢሮ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ሲወድቅ አብሮ በወደቀ ነበር። ከዚህ ለሁለቱም ወገን የሚወጣ ትምህርት አለ። ተቀባዩ አገር ስደተኛው ለማን እንደሚጮኽ ከመቁጠር ይልቅ ማሊያው፣ ፖሊሱና ፍርድ ቤቱ ለሁሉም እኩል ክፍት መሆኑን ቢመረምር የሚፈልገውን መልስ ቀድሞ ያገኛል። የትውልድ አገርም ዲያስፖራውን በተቸገረ ቁጥር እንደሚመዘዝ የባንክ ሒሳብ ማየቱን ይተው፤ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላልና፣ ደጋፊው ያለ ቢሮው መሰብሰብ እንደሚችል ቶንጋዎች አሳይተዋል። በ1870 ለንደን የተቀመጡትን አንቀበልም ያሉት የስኮትላንድ አምበሎች ዛሬ ቢኖሩ የሚገጥማቸው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ውጭ ያለው ሰው ይወክለናል ወይ ከማለት በፊት፣ እኛ እሱ የሚኮራበት ቡድን ነን ወይ ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።